ቤቱ እንደ እንዝርት ሲሾር

በስሎቫኪያ ዋና ከተማ በብራቲስላቫ የስሎቫክ ቋንቋ ስማር አስተማሪያችን አንድ ወረቀት አደለችን። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል የስሎቫክ ትርጉማቸው አለ። ሁሉም ስለ መዞርና መጠምዘዝ ናቸው። ተርን፣ ትዊስት፣ ስፒን፣ ሮቴት፣ ኮይል፣ ሪንግ፣ ዊርል እያለ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ደግሞ በእርሳስ ሦስተኛ ረድፍ ጨመርኩበት። ዞረ፣ ጠመዘዘ፣ ሾረ፣ ተሽከረከረ፣ ተጠቀለለ፣ ጨመቀ።

ቃላቱን ሸመደድኳቸው። ፈተናውንም አለፍኩ። ወረቀቱ ግን ሰላም አልሰጠኝም። በግራ ያሉት ቃላት አንዱ ሌላውን አይመስልም። እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። በቀኝ ያሉት ግን አብዛኞቹ ከሁለት ቃላት የተወለዱ ናቸው፤ «ቶቺት» እና «ክሩቲት»። ፊታቸው ላይ የሚለጠፈው ቁራጭ ብቻ ይቀያየራል። የእኔ የእርሳስ ረድፍ ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ለአንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት አማርኛ ይመጣብኛል። ለሌላው አንድም አይመጣም። ውሃ እዚህም ይሽከረከራል፣ እዚያም ይሽከረከራል። ታዲያ ቃሉ ለምን እንዲህ ይበታተናል?

መልስ ቢጤ ያገኘሁት ክፍል ውስጥ አይደለም። ሐኪም ቤት ነው፤ ያውም ከእናቴ አፍ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለዚያ ፊት ላይ ስለሚለጠፈው ቁራጭ ትንሽ ላውራ። ወድጄዋለሁና።

## የተዞረ ወይን

«ቶቺት» ብቻውን ሲሆን ማዞር ነው። «ኦ» ሲቀድመው፣ ማለትም «ኦቶቺት» ሲባል፣ አንዴ አዙሮ መጨረስ ይሆናል። ገጽ ሲገለጥ፣ ፊት ሲዞር፣ ቁልፍ በር ላይ ሲዞር ይኸው ነው። «ዛ» ሲቀድመው መታጠፍ ነው፤ መኪናው ጥጉ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። «ሮዝ» ሲቀድመው የቆመ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። «ና» ሲቀድመው ፊልም መቅረጽ ይሆናል። «ቪ» ሲቀድመው ስልክ መደወል ነው። ያኔ በድሮው ስልክ ጣታችንን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተን ቁጥሩን እናዞር አልነበር? ያው «ቪቶቺት» ደግሞ ሰው ማናደድ ይሆናል። «ቪቶቺል ማ» ያለ ስሎቫክ «አበገነኝ» ማለቱ ነው።

«ክሩቲት» ጠንከር ይላል። ቧንቧ ሲዘጋ «ዛክሩቲት» ነው። የሰው ቃል ሲጣመም «ፕሬክሩቲት» ነው። ብሎን «ስክሩትካ» ይባላል። የመንገድ ጥምዝ «ዛክሩታ» ነው። ስሎቫኪያ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር በዓለም ላይ ብዙ መኪና የምታመርት አገር ናት፤ ጎረቤቴም መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የሁለቱን ቃላት ልዩነት ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ «ቶቺት ስትይ ነገሩ በራሱ ይሄድልሻል። ክሩቲት ስትይ ይታገልሻል።» የትኛውም መዝገበ ቃላት እንዲህ አላብራራልኝም። አማርኛችንም ያው ነው። የሚዞር ነገር ይዞራል። የሚጠመዘዝ ነገር ግን እንቢ ይላል፤ ጉልበት ይፈልጋል። እርጥብ ነጠላ ይጠመዘዛል። እጅ ይጠመዘዛል።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ከብራቲስላቫ ወጣ ብለው ያሉት ፔዚኖክና ሞድራ የወይን አገር ናቸው። ከተማው ውስጥም ከበርሜል ቀድተው በሊትር የሚሸጡ ሱቆች አሉ። በራቸው ላይ «ስታቻኔ ቪኖ» የሚል ተለጥፏል። ያው የ«ቶቺት» ዘር ነው። የተዞረ ወይን? ምን ሲሆን ነው ወይን የሚዞረው?

ነገሩ ወዲህ ነው። «ቶቺት» ከሥሩ ማፍሰስ፣ እንዲፈስ ማድረግ ነበር፤ ማዞር የመጣው ኋላ ነው። «ፖቶክ» ማለት ጅረት ነው፤ የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ወይን ሻጩ የጥንቱን ትርጉም ይዞ ቀረ። መንገደኛውና መካኒኩ አዲሱን ያዙ። ከመፍሰስ ወደ መዞር እንዴት እንደተሻገረ ሳስብ አይደንቀኝም። ዳኑብ ከተማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የድልድዩ እግር ጋ ይደርሳል። እዚያ ውሃው ይፈሳል ወይስ ይዞራል? ቆሜ ሳየው ሁለቱንም ያደርጋል።

እኛም «አ» እና «ተ» የመሳሰሉትን ፊት ላይ እንለጥፋለን፤ ግን ጥቂት ናቸው። ይበልጥ የምንቀይረው ሆዱን ነው። ዞረ፣ አዞረ፣ ተዟዟረ፣ አዟዟረ። ዞር አለ ስንል ትንሽ ነው፤ ዘወር አለ ስንል ከዚያ ይለያል። ትልልቆቹ ሰዎች «መኪና ይዘውራል» ይላሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ ከየአገሩ ሰብስቧል። «ተርን» ከግሪክና ከላቲን የእንጨት መቅረጫ መዘውር ተነስቶ፣ በከፊልም በፈረንሳይ በኩል የገባ ነው። «ሮቴት» ላቲን ነው። «ትዊስት» የራሳቸው ነው፤ ከሁለት ቁጥር ጋር ዝምድና አለው። ሁለት ክር አንድ ላይ ሲገመድ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ቃል አላቸው፤ ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ በግራ ያለው ረድፍ እንዲያ የተዥጎረጎረው።

## «ራሴንማ አላዞረኝም»

እናቴ በመኸር ልትጠይቀኝ መጣች። አንድ ጠዋት አልጋ ላይ ጎኗን ልትገለብጥ ስትል ጮኸች። ደርሼ ሳያት ፍራሹን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ዓይኗን ጨፍናለች። «ልጄ፣ ያዥኝ» አለች። ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለቀቃት። መልሳ ስትጋደም ደግሞ መጣባት። ደም ግፊት ይሆናል ብዬ ለካሁ። ደህና ነው። ልቤ ግን አላረፈም።

የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት። እንግሊዝኛ ጥሩ ትናገራለች። ለሕክምና ነገር ይሻላል ብለን በእንግሊዝኛ ጀመርን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዲዚ ናት ወይ?» የሚል ነበር። ወደ እናቴ ዞር ብዬ «እማዬ፣ ራስሽን ያዞርሻል?» አልኳት።

እናቴ አሰበች። ለሐኪም መልስ ስትሰጥ ሁልጊዜ ታስባለች። «ራሴንማ አላዞረኝም» አለች። «ራሴ ደህና ነው። ቤቱ ነው የሚዞረው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ራስ ማዞር ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ጾም ሲጠና ያዞረናል። ፀሐይ ሲመታን ያዞረናል። ወሬ ሲበዛብንም ያዞረናል። ቃሉ ከመለመዱ ብዛት መዞሩን ረስተነዋል። እናቴ ግን በቁሙ ወሰደችው። ራስ ነው የዞረው ወይስ ቤት? ለእሷ ሁለቱ አይገናኙም። እሷ ጸጥ ብላ ተኝታለች፤ ግድግዳው ነው የሄደው። ያላየችውን አትመሰክርም።

የእንግሊዝኛው ቃል እዚህ ጋ ምንም አይረዳም። «ዲዚ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ሞኝ፣ ጅል ማለት ነበር። በውስጡ መዞር የሚባል ነገር የለም። ዓይኑን የሚያጨልመውም፣ የሚያጥወለውለውም፣ የሚንገዳገደውም፣ ቤት የሚዞርበትም ሁሉ «ዲዚ» ነው። ሐኪም ደግሞ እነዚህን መለየት አለባት። ብድግ ሲሉ ዓይን የሚጨልም ከሆነ ምናልባት ደም በቶሎ ወደ ላይ አልደረሰም። ክፍሉ የሚዞር ከሆነ ግን ችግሩ ጆሮ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ምርመራውም ይለያያል።

እናቴ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ሳታውቀው መሰለኝ ወደ ስሎቫክ ተሻገረች። «እንዴት ነው የሚዞረው? ይወዛወዛል ወይስ ይሽከረከራል?»

እናቴ በአፏ አልመለሰችም። ቀኝ እጇን አነሳች። አውራ ጣቷንና መሃል ጣቷን አገናኘች። ከዚያ አየሩ ላይ ጣቷን አፍተለተለች። «እንደ እንዝርት ነው የሚሾረው በያት» አለችኝ።

እንዝርት በስሎቫክ ምን እንደሚባል ያስተማረኝ የለም። ወረቀቱም ላይ አልነበረም። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ሳሰላስል በር አጠገብ የቆመችው ነርስ ቀደመችኝ። ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። ዓይኗ ከእናቴ ጣቶች ላይ አልተነቀለም ነበር። «ቭሬቴኖ!» አለች። የራሷን እጅ አነሳችና ያንኑ አደረገች። አውራ ጣት፣ መሃል ጣት፣ ፍትል።

ሁለቱ አንድም የጋራ ቃል የላቸውም። እናቴ «አዎ፣ አዎ» አለች። ነርሷ «አኖ፣ አኖ» አለች። አኖ በስሎቫክ አዎ ማለት ነው። ከዚያ ነርሷ ስለ አያቷ ታወራን ጀመር። በብርድ ወራት የመንደሩ ሴቶች ማታ ማታ አንድ ቤት ይሰበሰባሉ። የተልባ ቃጫና ሱፍ ይፈትላሉ። ይዘፍናሉ፣ ተረት ያወራሉ፣ ያማሉ። ልጃገረዶች ባሉበት ጎረምሶች አይጠፉም። ይህ ስብሰባ «ፕሪያድኪ» ይባላል። ለእናቴ ስተረጉምላት ሳቀች። «ታዲያ እኛስ!» አለች። እሷም ልጅ ሆና ጥጥ ትዳምጥ ነበር። በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሲሆን ትፈትለው ነበር። እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂቱን ለሸማኔ መላክ ነው። ይህን ሁሉ ለነርሷ ወደ ስሎቫክ መመለስ ጉዴ ነበር፤ ግን እጇ ስለሚያግዘኝ ብዙ አልደከምኩም። ሐኪሟ ሰዓቷን አላየችም። ታዳምጣለች።

ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ቃል ጻፈች፤ «ዛቭራት»። ትርጉሙ ቤት የሚዞርበት ሕመም ነው፤ በሕክምናው ስም ቨርቲጎ የሚባለው።

ማታ እናቴ ስትተኛ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ዛቭራት» የመጣው መመለስ፣ ማዞር ከሚለው ሥር ነው። «ቭሬቴኖ»፣ እንዝርቱ፣ የዚያው ሥር ልጅ ነው። ሄሊኮፕተር የሚባለው «ቭርቱልኒክ» ዘመዳቸው ነው። የላቲኑ ቨርቲጎም የወጣው ማዞር ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ እሱም ከስላቩ ሥር ጋር በጥንት አንድ ነበር። እንግዲህ እናቴ የሕመሙን ስም ነው የተናገረችው። ላቲን አታውቅም። ስሎቫክ አታውቅም። የምታውቀው እንዝርት ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። እንዝርት ከጋሪ እግር በፊት የነበረ ዕቃ ነው። የሰው ልጅ እጁ ላይ ይዞ ሲሽከረከር ያየው የመጀመሪያው ነገር እሱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ቤቱ የዞረበት ሰው በምን ይመስለው? ባየው ነገር ነዋ። ጎጃምም ይሁን የስሎቫኪያው ታትራ ተራራ ሥር፣ ያየው አንድ ነገር ነው።

## ጆሮ ውስጥ ያለው ጠጠር

ሐኪሟ ያደረገችውንም ልንገራችሁ፤ እናት አባት ያላችሁ ይጠቅማችኋል።

ጆሯችን ውስጥ፣ በጥልቁ፣ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ፈሳሽ ይዘዋል። ራሳችን ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ አእምሮም በዚያ መዞራችንን ያውቃል። አጠገባቸው ደግሞ ከካልሲየም የተሠሩ በጣም ደቃቅ ጠጠሮች ያሉበት ቦታ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ጭንቅላት ሲመታ ጠጠሮቹ ከቦታቸው ይላቀቁና ቱቦው ውስጥ ይገባሉ። ሰውየው ጎኑን ሲገለብጥ ጠጠሩ ይንከባለላል። ፈሳሹ ይናወጣል። አእምሮ «እየዞርክ ነው» ይላል። ዓይን «አልዞርኩም» ይላል። ቤቱ ይዞራል። ጠጠሩ ሲያርፍ መዞሩም ያበቃል፤ ለዚህ ነው ከደቂቃ የማያልፈው።

ይህን የጆሮ ነገር ለመፍታት ትልቅ ሥራ የሠራው ሮበርት ባራኒ የሚባል የቪየና ሐኪም ነው። ቪየና ከብራቲስላቫ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ባራኒ የበሽተኞችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ዓይናቸው ሲንቀጠቀጥ አየ። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን በአንድ አቅጣጫ፣ ሞቅ ሲል በተቃራኒው። ከዚህ ተነስቶ ጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዜናው ሲመጣ እሱ የሩሲያ ጦር ምርኮኛ ነበር። ከጊዜ በኋላም፣ በ1921፣ እናቴን የያዛትን ዓይነት ሕመም ለይቶ ጽፎታል።

ሕክምናው መድኃኒት አይደለም። ማዞር ነው። የሚያዞረውን ሕመም የሚፈውሰው ማዞር መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል። ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው ይህን መንገድ ያወጣው፤ በ1992 ታትሟል። ራስን በቅደም ተከተል እያዞሩ ጠጠሮቹን ከቱቦው አውጥቶ ወደ ቦታቸው መመለስ ነው።

ሐኪሟ የእናቴን ራስ በሁለት እጇ ያዘች። በስሎቫክ ቀስ እያለች ትናገራለች፤ እኔ እተረጉማለሁ። «ኦቶችቴ» ትላለች፣ በአክብሮት፤ የእነሱ አንቱታ በብዙ ቁጥር ነው። እኔ ወደ እናቴ ሳደርሰው «እማዬ፣ ራስሽን ወደ ቀኝ አዙሪ» ይሆናል። ከዚያ በጀርባዋ አጋደመቻት፤ ራሷ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ አለ። የእናቴ ዓይን ይርገበገብ ጀመር። እየተርገበገበም ይጠማዘዛል። ሐኪሟ ጠርታ አሳየችኝ። እናቴ እጄን ጨበጠች። እስኪያልፍ ጠበቅን። ቀጥሎ ራሷ ወደ ግራ ዞረ። ቀጥሎ «ፕሬቭራትቴ ሳ» ተባለች፤ በጎንሽ ተገልበጪ ማለት ነው። እዚህም ያ ሥር አለ፤ የዛቭራት ሥር። ሕመሙና ሕክምናው ከአንድ ሥር በወጡ ቃላት ይጠራሉ። በመጨረሻ ተነስታ ተቀመጠች።

«ቆመ» አለች እናቴ። «ቤቱ ቆመ።»

ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ሐኪሟ ተመልሶ ከመጣ እንድንደግመው ነግራን ነበር። ሰው ሁሉ በየቤቱ እንዲሞክረውም አልመክርም፤ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንገቱ የሚያመው ሰው ደግሞ ይብሱን ይጠንቀቅ።

## ቀና እና ጠማማ

ያን ማታ መዝገበ ቃላቱን ከገለጥኩት በኋላ መዝጋት አቃተኝ። እንግሊዝኛው ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። በደብሊውና በአር የሚጀምሩ ቃላት አሉ፤ ደብሊውዋ ዛሬ አትነበብም። «ሪንግ» ጠምዝዞ መጭመቅ ነው። «ረንች» በኃይል መጠምዘዝ ነው፤ የብሎን መፍቻውም ስሙ ይኸው ነው። «ሪግል» መጥመልመል ነው። «ሪስት» የእጅ አንጓ ነው፤ የሚጠማዘዝበት ቦታ። እነዚህ ሁሉ ስለ መጠምዘዝ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ሮንግ» ነው። ስህተት፣ በደል። በጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ጠማማ ማለት ነበር።

ወደ ስሎቫክ ዞርኩ። ጠማማ «ክሪቪ» ነው። በደል «ክሪቭዳ» ነው። የክሪቭዳ ተቃራኒ «ፕራቭዳ»፣ እውነት ነው። አማርኛዬን አሰብኩ። ፍርድ ያጣመመ ዳኛ እንላለን። ነገር የሚያጣምም ሰው እንላለን። ጠማማ ሰው፣ ቀና ሰው። ሦስቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ እኛማ የሴም ቋንቋ ነን፣ ጭራሽ ሌላ ቤት ነን። ሦስቱም ግን በደልን ያዩት ተጣሞ ነው።

ይህ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ግን ከነከነኝ። መጠምዘዝ በራሱ ምን አደረገ? ያልተጠመዘዘ ጥጥ ብን ብሎ ይጠፋል። ያልተገመደ ቃጫ ባልዲ አያወጣም። ገመድ የሚለው ስም ራሱ ከመግመድ የመጣ ነው። ሹሩባም ይጎነጎናል፣ ሴራም ይጎነጎናል። ታዲያ ቋንቋችን የሚያማርረው ምኑን ነው?

ይህን እናቴን ጠየቅኳት። ስለ ቋንቋ አልመለሰችልኝም፤ ስለ ክር ነው የመለሰችልኝ። ክሩ ከላላ ይበጠሳል፤ ከከረረም ይበጠሳል አለች። ድሩ ጠንከር፣ ማጉ ለስለስ ማለት አለበት። ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው። ሲከር ይበጠሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ያኔ ነው ከረረ የሚለው ቃል ፊቴ ላይ የበራልኝ። ጠቡ ከረረ እንላለን። አክራሪ እንላለን። ሁሉም ከዚህ ፈትል የመጡ ናቸው። አማርኛ መጠምዘዝን አይጠላም፤ ልኩን ማለፉን ነው የሚጠላው። ስሎቫኮች ደግሞ ያንን ልክ ማለፍ «ፕሬ» በሚለው ቁራጭ ይይዙታል። ያ የሰው ቃል ማጣመም ነው ያልኳችሁ «ፕሬክሩቲት»፣ ብሎንም ከልኩ በላይ ሲጠመዘዝ ይባላል።

የእግር ወለምታም በስሎቫክ ከእንዝርቱ ሥር የወጣ ቃል አለው፤ «ፖድቭርትኑት»። እኛ ግን አንድ እርምጃ አልፈን ሄደናል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህን ተረት ለነርሷ ብነግራት ደስ ባላት ነበር። ቅቤ እንደ መታሻ መሆኑን ብቻ ማስረዳት ይጠበቅብኛል።

## እንግሊዝኛ መሃል ሲቆም

ይህን ሁሉ የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። አብዛኞቻችን በውጭ አገር የምንማረውን ቋንቋ በእንግሊዝኛ በኩል ነው የምንማረው። ስቶክሆልም ያለው ስዊድንኛን፣ ፍራንክፈርት ያለው ጀርመንኛን፣ እኔ ደግሞ ስሎቫክን። መጽሐፉም አፑም እንዲያ ነው የተሠራው። እንግሊዝኛ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ብዙ በር ከፍቶልኛል። መሃል ሲቆም ግን ይጋርዳል።

ስሎቫኮች ሲያዞራቸው «ቶቺ ሳ ሚ ህላቫ» ይላሉ። ቃል በቃል ራሴ ይዞራል ነው። የእኛው ነው! ለእኔ ግን በመካከል «ዲዚ» የሚል ቃል ስለቆመ ሁለቱ ጎን ለጎን መሆናቸውን አላየሁም ነበር። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስሻገር መዞሩ ወደቀ። ከእንግሊዝኛ ወደ ስሎቫክ ስሻገር አዲስ ነገር የምማር መሰለኝ። ከእናቴ እጅ ወደ ነርሷ እጅ ግን ምንም ሳይወድቅ ደረሰ።

አሁን የምማረው በሌላ መንገድ ነው። አዲስ ግስ ሲያጋጥመኝ እጄ ምን እንደሚያደርግ እጠይቃለሁ። በራሱ ይሄዳል ወይስ ይታገለኛል? በጣት ነው በአንጓ? ከዚያ የአማርኛውን እፈልጋለሁ። የእንግሊዝኛውን የማየው በመጨረሻ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አላየውም። ትንሽ ይዘገያል። ግን ይቀመጣል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። «ቪክሩቲት» የሚለውን ቃል መጽሐፌ አምፖል መንቀል ብሎ ነበር ያስተማረኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሰርግ ላይ ተጠራሁ። እኩለ ሌሊት ገደማ የሙሽራዋን አክሊል አውርደው የባለትዳር ሻሽ አሰሩላት። ከዚያ «ሬዶቪ!» እየተባለ ይጮኻል። እንግዳው ሁሉ ይሰለፋል። ገንዘብ ይሰጥና ሙሽራዋን ይዞ ይጨፍራል። አጎቶች፣ አክስቶች፣ ጎረቤት፣ ሁሉም በተራ ነው። ተራዬ ሲደርስ የሙሽራዋ አጎት ከኋላዬ «ቪክሩትዩ!» አለኝ። አዙሪያት፣ አሽከርክሪያት ማለቱ ነው። አምፖሉ ትዝ አለኝ፤ ግን እጄን ሳነሳ ሙሽራዋ ራሷ ሾረች።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ወሎ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ሸዋ ያደጋችሁ፣ ወይም እናቶቻችሁ የፈተሉ፣ ንገሩኝ። እንዝርት በጣት ሲመታና ሲሾር፣ ከዚያ ጉልበቱ አልቆ መንገዳገድ ሲጀምር፣ ያቺ የመጨረሻዋ አዟዟር በእናንተ አካባቢ ስም አላት? እናቴ አላት ትላለች፤ ግን ልጅ ሆና የሰማችውን ቃል ማስታወስ አልቻለችም። ነርሷም የአያቷን ቃል እየፈለገችልኝ ነው።